በሩ ከእግሩ ሥር ነበር፦ ስለ «ኒክ ናክ» ለተጻፈው ትችት ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ስለ «ኒክ ናክ» የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። «የምትወደውን ፊልም አብጠልጥለውልሃል፣ አንብበው» ብሎ ነው የላከው። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ፊልሙን ተቀምጠው እንዳዩትም ያስታውቃል። ድምዳሜያቸው ግን አልተዋጠልኝም። ይህን ፊልም ከሃያ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላያችሁት መጀመሪያ ታሪኩን ልንገራችሁ። «ኒክ ናክ» ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 የሠራው፣ አራት ደቂቃ የማይሞላ የኮምፒውተር አኒሜሽን ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ላሴተር ነው። በፊልሙ ውስጥ ማንም አይናገርም። አብዛኛው ነገር የሚሆነው አንድ መደርደሪያ ላይ ነው፤ እኛ ቤት ቢሆን ቡፌ ላይ እንደማለት። ሰዎች ከጉዞ ሲመለሱ የሚያመጧቸው የመታሰቢያ ዕቃዎች ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ከሞቃት አገር የመጡ ናቸው፤ ፀሐይ እየሞቁ ይዝናናሉ። አንዱ ብቻ ከቀዝቃዛው አላስካ ነው። እሱም የበረዶ ሰው ነው፤ የሚኖረው በመስታወት ኳስ ውስጥ ነው። ስትነቀንቁት ውስጡ በረዶ የሚዘንብ የሚመስለውን ያን ጌጥ ታውቁት ይሆናል። ማያሚ ከሚል ጽሑፍ ጋር የቆመች፣ የዋና ልብስ የለበሰች አሻንጉሊት ና ትለዋለች። እሱም መሄድ ይፈልጋል። መስታወቱ ግን አያሳልፈውም።

ስለዚህ ይታገላል። የበረዶ ጎጆውን ከመስታወቱ ጋር ያላትማል። የካሮት አፍንጫውን ነቅሎ መሮ ያደርገዋል። አስፋልት የሚበሱበትን ዓይነት መሰርሰሪያ ያመጣል። እሳት የሚተፋ መበየጃ ይሞክራል። በመጨረሻ ድማሚት ያፈነዳል። መስታወቱ ፍንክች አይልም፤ ኳሱ ግን ከመደርደሪያው ላይ ይወድቃል። እየወደቀ ሳለ የበረዶው ሰው ከኳሱ መቀመጫ ላይ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ያገኛል። ይወጣል። የዓሣ ማኖሪያ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። እዚያ ደግሞ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ሌላ ቆንጆ አለች። ደስ ብሎት ወደ እሷ ሲሮጥ ያ የመስታወት ኳስ ከላይ ይመጣና ይደፋበታል። ተመልሶ ውስጥ ነው።

ጸሐፊው ስለዚህ ፊልም ያሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የኮምፒውተር ኩባንያ ማስታወቂያ እንጂ ጥበብ አይደለም። ሁለተኛ፣ ማንም የማይናገረው ቴክኖሎጂው ስላልቻለ ነው። ቀልዱ ደግሞ ከድሮ ካርቱኖች የተቀዳ ነው። ሙዚቃው መሙያ ነው። የሴቲቱ ገላ ባይኖር ኖሮ የሚያስቅ ነገር አይኖረውም። በስተመጨረሻም ፊልሙ የሚያስተምረን «ባለህበት አርፈህ ተቀመጥ» የሚል የፈሪ ምክር ነው።

ማስታወቂያ ነው ከሚለው ልነሳ፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ፒክሳር በዚያ ዘመን የፊልም ኩባንያ አልነበረም። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ1986 ከፊልም ሠሪው ከጆርጅ ሉካስ ኩባንያ ላይ ሲገዛው ዋና ሥራው ምስል የሚያቀናብር ውድ ኮምፒውተር መሸጥ ነበር። በኋላም ሬንደርማን የተባለ ምስል የሚሠራ ሶፍትዌር መጣ። አኒሜሽን የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። አጫጭር ፊልሞቻቸውም በየዓመቱ ሲግራፍ በሚባለው የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ላይ ይቀርቡ ነበር፤ ኩባንያው ምን መሥራት እንደሚችል ገበያው እንዲያይ። «ኒክ ናክ»ም በ1989 ቦስተን ላይ በተደረገው ጉባኤ ታይቷል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ግን ማስታወቂያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ያሳዩን ነበር? ይህን ጥያቄ ጽሑፉ አያነሳውም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት «ቲን ቶይ» የሚል ፊልም ሠርተው ነበር። እሱ ውስጥ ሰው አለ፤ መጫወቻዎቹን የሚያስፈራራ ሕፃን። በዚያን ጊዜ በኮምፒውተር ሰው መሥራት ከባድ ፈተና ነበር፤ ሕፃኑም ዛሬ ሲያዩት ቆዳው እንደ ፕላስቲክ ሆኖ ትንሽ ይረብሻል። ፊልሙ ግን ኦስካር አገኘ። በኮምፒውተር ከተሠሩ ፊልሞች ኦስካር ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ችሎታውን ሊሸጥ የፈለገ ነጋዴ ከዚህ ቀጥሎ ምን ይሠራል? የተሻለ ሰው ነዋ! ፀጉር ያለው፣ ልብሱ የሚወዛወዝ ሰው። እነሱ ግን ወደ ኋላ ሄደው ክብ ላይ ክብ ደረቡ። የበረዶ ሰው ማለት እኮ ሌላ ምንም አይደለም። ማሽኑ ያኔ አሳምሮ መሥራት የሚችለውን ቅርጽ መርጠው ጉልበታቸውን በሙሉ ቀልዱ ላይ አዋሉት። ይህ የነጋዴ ምርጫ አይመስለኝም።

እርግጥ አንድ የቴክኖሎጂ ትርዒት ነበረበት፤ መጀመሪያ የታየው በልዩ መነጽር ነው፤ ነገሮቹ ከስክሪኑ ወጣ ብለው እንዲታዩ ተደርጎ። ለዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ምስል ለግራ ዓይን አንድ፣ ለቀኝ ዓይን አንድ ሆኖ ሁለት ጊዜ መሠራት አለበት። በሰኮንድ 24 ምስል ነው። ሦስት ደቂቃ ተኩል ብንል 5,000 ገደማ ይሆናል፤ በሁለት ስታባዙት 10,000። እኔ ግን ፊልሙን ያየሁት ያለ መነጽር፣ በትንሽ ቴሌቪዥን ነው። ሳቄ አልቀነሰም።

ደግሞስ አንድን ሥራ ማን እንዳሠራውና ለምን እንዳሠራው ማወቅ ሥራውን ጥበብ ከመሆን ያወጣዋል? በጥንት አብያተ ክርስቲያናቶቻችን ሥዕሎች ግርጌ ላይ ያሠራው መኮንን ወይም ወይዘሮ ተደፍተው ሲታዩ ስንት ጊዜ አይተናል። ከፍለው ነው ያሠሩት፤ ስማቸውም እንዲነሳ ፈልገው። ሥዕሉን ግን በዚህ ምክንያት ሥዕል አይደለም ያለው የለም።

አሁን ወደ ዝምታው ልግባ፤ ከሁሉም ይበልጥ የቆረቆረኝ እሱ ነው። ጸሐፊው «ቢችሉ ኖሮ ያናግሯቸው ነበር» ብለዋል። እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሞንትሪያል ውስጥ «ቶኒ ደ ፔልትሪ» የሚል አጭር ፊልም ተሠርቷል። አንድ የጃጀ ፒያኖ ተጫዋች ነው፤ ፊቱ ላይ ትዝታም ሐዘንም ይነበባል። ያ ሁሉ በኮምፒውተር ነው፤ ከ«ኒክ ናክ» አራት ዓመት ቀድሞ። ፊት ማንቀሳቀስ ይቻል ነበር ማለት ነው። ከዚያም በላይ፣ ፊልም ላይ ድምፅ ለመጨመር ኮምፒውተር አያስፈልግም። ማይክሮፎን ይበቃል። አንድ ተራኪ አስቀምጠው «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የበረዶ ሰው ነበረ» ማስባል ያቅታቸው ነበር? አያቅታቸውም። አልፈለጉም።

ያልፈለጉበትም ምክንያት ግልጽ ነው። እስቲ የበረዶው ሰው «ከዚህ መውጣት እፈልጋለሁ» ብሎ ተናገረ እንበል። ያን ጊዜ እኛ ምን ቀረን? መስማት ብቻ። ሳይናገር ሲቀር ግን እኛ ነን የምንናገርለት። ወደ ልጅቷ ያያል፣ መስታወቱን ያያል፣ እንደገና ወደ ልጅቷ ያያል። ይኼኔ ተመልካቹ በሆዱ «ሂድ እንጂ!» ይላል። ሂድ ባልነው ጊዜ ደግሞ የእሱ ችግር የእኛም ይሆናል፤ ከመስታወቱ ጋር ሲጋጭ ግንባራችንን የሚያመን በዚህ ምክንያት ነው።

ላሴተር ይህን በአንድ ቀን አላገኘውም። ዲዝኒ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ በእጅ መሣልን የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984፣ ገና በሉካስ ኩባንያ ሥር ሳሉ፣ ስለ አንድ ገጸ ባሕርይና እሱን ስለምታሳድድ ንብ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ሠሩ። አልቪ ሬይ ስሚዝ መራው፤ እንቅስቃሴውን ላሴተር ሠራው። ቃል የለበትም፣ ማሳደድና መጋጨት ነው። በ1986 ደግሞ «ሉክሶ ጁኒየር» መጣ። ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ፣ ኳስ ሲጫወቱ። መብራት ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ፊልሙ በጉባኤው ላይ ታይቶ ሲያበቃ ጂም ብሊን የተባለው የግራፊክስ ሊቅ ወደ ላሴተር ይመጣል። ላሴተር ስለ ጥላው አሠራር ወይም ስለ ሌላ ሒሳብ ሊጠይቀኝ ነው ብሎ ይዘጋጃል። ሰውየው የጠየቀው ትልቁ መብራት እናት ነው ወይስ አባት ብሎ ነው። ይህ ታሪክ በተደጋጋሚ የሚነገር ነው፤ እኔም ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ይሞቃል። የሒሳብ ሰው ሒሳቡን ረስቶ ስለ ቤተሰብ ጠየቀ! ይህን ያየ ዳይሬክተር በሦስት ዓመቱ የበረዶ ሰው ሲያስወራ ምን ይጠቅመዋል?

አያቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገና በሲኒማ የታየው ስለ ትንሹ ዓሣ ከተሠራው ከፒክሳር ረጅም ፊልም፣ ከ«ፋይንዲንግ ኒሞ»፣ በፊት ተደርጎ ነው፤ የዚያው ፊልም ዲቪዲ ላይም አለ። እኔም ያገኘሁት በዚያ ዲቪዲ ነው። ሳሎን ቁጭ ብለን ስናይ ረጅሙን ፊልም አብዛኛውን እኔ እየተረጎምኩላት ነው የጨረሰችው። «ኒክ ናክ» ሲጀምር ግን አፌን ያዘችኝ። «ተወኝ፣ ይኼኛውን ራሴ አየዋለሁ» አለች። የመስታወት ኳሱን ዓይነት ዕቃ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። «ምነው ይኼን ምስኪን ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት?» ብላ ጠየቀች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው ያልጠቀሱትን አንድ ነገር ልጨምርላቸው፤ ለእሳቸው ክርክር ይጠቅም ነበር። ፊልሙ የሚነገር ቃል አይኑረው እንጂ የሚነበብ ቃል አለው። የኳሱ መቀመጫ ላይ የተጻፈው የእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ፈረንጆች ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉትን «ቤት፣ ጣፋጭ ቤት» የሚለውን አባባል ወስዶ ቤት («ሆም») የሚለውን ቃል «ኖም» በሚለው ይተካዋል። ኖም አላስካ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት ቤት ይመታሉ። አያቴ ይህ አልገባትም፤ እኔም ቆይቼ ነው የገባኝ። ስለዚህ ፊልሙ ለሁሉም ሰው እኩል ይደርሳል ብዬ አልምልም። ያ ጽሑፍ ሳይነበብ ቢቀር ግን የሚጎድለው ትንሽ ፈገግታ ነው። ዋናው ሳቅ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

የተቀዳ ነው ስለተባለው። አዎ፣ ዘር አለው። ቻክ ጆንስና ቴክስ ኤቨሪ የሠሯቸውን የድሮ የአሜሪካ ካርቱኖች ያየ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያውቀዋል። ያቺን ወፍ ለመያዝ በሮኬትም በድማሚትም የሚሞክረውን ቀበሮ መሳይ አውሬ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። እሱም በተራው ከነቻፕሊንና ከነባስተር ኪተን የመጣ ነው፤ ድምፅ ባልነበረበት ዘመን ወድቀውና ተጋጭተው ካሳቁን ሰዎች። እንዲህ ያለው ኮሜዲ ከሌላው ሳይማር የሚሠራ የለም። ጥያቄው የተማረው ምን ጨመረበት ነው።

አንደኛ፣ ቁሱ ሌላ ነው። በእጅ የሚሣል ገጸ ባሕርይ እንደ ሊጥ ነው፤ ሲመታ ይጨፈለቃል፣ ሲወረወር ይለጠጣል። የዚያን ጊዜ የኮምፒውተር ምስል ግን እንደ ድንጋይ ደረቅ ነበር። የሚበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያ አርማዎችና የሚያብረቀርቁ ኳሶች ነበሩ የሚበዙት። ላሴተር የድሮውን የእጅ ጥበብ ሕግ ወደ ማሽኑ እንዴት ማምጣት እንደሚቻል አሰበበት፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያው ጉባኤ ላይ ስለዚሁ ጥናታዊ ጽሑፍ አቅርቧል። እንዲያው ሥዕሉን ማምጣት አይደለም። አንድ ነገር ከመዝለሉ በፊት ወደ ታች ዝቅ ማለት አለበት፤ ከባድ ነገር ሲቆም ወዲያው አይቆምም፤ ተመልካቹ ቀጥሎ የሚመጣውን እንዲጠብቅ ጊዜ ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ ያለውን ይሞላል እንጂ የበረዶው ሰው መስታወቱን ከመታ በኋላ ስንት ምስል ያህል ደንዝዞ እንደሚቆም የሚወስነው ሰው ነው። ሁለት ምስል ቢጨመር ቀልዱ ይሞታል፤ ሁለት ቢቀነስ አይታይም። ቀልድ አዋቂ ሰው ጨዋታ ሲያወራ መሀል ላይ ትንሽ ዝም የሚላትን ዝምታ አስቡ፤ ያቺው ናት።

ሁለተኛ፣ መስታወቱ። በነዚያ የድሮ ካርቱኖች ውስጥ የሚያሸንፈው ወፏ ወይም ገደሉ ነው። ዞሮ ዞሮ የሚታይ ነገር ነው። እዚህ ግን ጠላቱ የማይታይ ነው። እኛ መስታወቱን የምናየው በረዶው ሰው ሲጋጨው ነው፤ በገላው ላይ በሚደርሰው። የሚፈልገው ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ ይታየዋል፤ ርቀቱ ትንሽ ነው፤ ግን አይደረስበትም። ይህን ከየትኛው ካርቱን ቀዱት?

ሦስተኛው ደግሞ የሙከራዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ጸሐፊው «መሣሪያ መደርደር» ብለው አልፈውታል። እባክዎ እንደገና ይዩት። መጀመሪያ የሚወረውረው ቤቱን ነው፤ የበረዶ ጎጆውን። ቀጥሎ የሚነቅለው ከገላው ላይ ነው፤ አፍንጫውን። ከዚያ ነው ማሽኑ የሚመጣው። ከዚያ እሳት። የበረዶ ሰው እሳት ሲያነሳ ልብ ይበሉ! በዓለም ላይ ከምንም በላይ ሊፈራው የሚገባውን ነገር ነው በእጁ የያዘው። ሊቀልጥ እንደሚችል የረሳ ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ ስናየው የነበረው ግትርነት ነው፤ እሳቱ ላይ ስንደርስ ግን ለመውጣት ሲል ራሱን ለማጥፋት የተዘጋጀ ፍጡር እናያለን። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰኮንዶች፣ ያለ አንዲት ቃል። እየሳቅን ነው ደግሞ። እኔ ይህንን መደርደር አልለውም።

ሙዚቃውን በተመለከተ ብዙ አልልም። የሠራው ቦቢ ማክፌሪን ነው። በ1988 «አትጨነቅ፣ ደስ ይበልህ» በሚለው ዘፈኑ ዓለምን ያዳረሰው ማለት ነው፤ ያ ዘፈን አንድም መሣሪያ የለውም፣ ሁሉም ከአፉ የወጣ ድምፅ ነው። እዚህም እንደዚያው በአፉ ብቻ ነው የሚጫወተው። ገና ያላለቀውን ፊልም እያየ፣ ከምስሉ ጋር እየተከተለ እንደፈጠረው ይነገራል። መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም የሚወጣበት ቦታ ስሞቹ ገና ስላልገቡ «ብላ ብላ ብላ» (በእንግሊዝኛ «ምናምን ምናምን» እንደማለት) የሚል ጊዜያዊ ጽሑፍ ነበረበት፤ እሱም ያነበበውን ዘፈነው። ዘፈኑም እንዳለ ቀረ። ቃል ለሌለው ፊልም ቃል የሌለው ዘፈን፣ ከሰው ጉሮሮ የወጣ። የብረት ሳጥን በሠራው ምስል ላይ የሰው ትንፋሽ የሚሰማው በእሱ ነው። መሙያ የሚባለው ይህ ከሆነ እንዲህ ያለ መሙያ ይብዛልን።

ስለ ሴቲቱ ገላ የተነሳው ነጥብ ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። በ1989ኙ ቅጂ ላይ የማያሚዋ አሻንጉሊትና የባሕሯ ሴት ደረት ከመጠን በላይ ተጋንኖ ነው የተሠራው። የዚያ ዘመን ወንዶች ለወንዶች የሠሩት ቀልድ ነበር። እኔም አልወደድኩትም፤ ከእህቶቼ ጋር ቁጭ ብዬ ባየው አፍር ነበር። በ2003 ለሲኒማ ሲመለስ ይህ ተቀንሶ ነው የታየው። አንዳንዶች ታሪክ ተሰረዘ ብለው ይቆጫሉ፤ ጸሐፊው ደግሞ በተቃራኒው «ይህ ከተነሳ ፊልሙ ባዶ ነው» ይላሉ።

ለዚህ ማስረጃው እጃችን ላይ አለ። ሁለቱም ቅጂ አለ፤ ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ። የተቀየረው የሴቶቹ ገላ ብቻ ነው። ጎጆው፣ አፍንጫው፣ መሰርሰሪያው፣ እሳቱ፣ ድማሚቱ፣ በሩ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ቀልዱ የሴቲቱ ገላ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ማንም አይስቅም ነበር። አያቴ ያየችው ሁለተኛውን ነው። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እዚያ ቦታ ላይ ልጅቷን አንስታችሁ አንድ ሲኒ ትኩስ ቡና ብታስቀምጡ ያው ይሠራል፤ የሚፈልገው ነገር ከመስታወቱ ማዶ እስካለ ድረስ። ስለዚህ ያ ግነት ሳያስፈልግ የገባ ስህተት ነበር፤ ማረማቸውም ደግ አደረጉ።

የቀረው መጨረሻው ነው። ጸሐፊው እንደ ተረት ነው ያነበቡት። ከተረት በኋላ ትምህርት ይመጣል፣ ስለዚህ የዚህም ትምህርት ምንድን ነው ብለው ፈለጉ፤ ያገኙትም «ያለህን ይዘህ ተቀመጥ፣ ብትወጣም ተመልሰህ ትገባለህ» የሚል ሆነ። ከአገር የወጡ ልጆቻችንን ጭምር ጠቅሰው ፊልሙ እንደሚሰድባቸው ጽፈዋል። እዚህ ላይ ስሜታቸው ይገባኛል። መስታወት ማዶ ያለ ሕይወት እያየ የኖረ ሰው ይህን ፊልም ሲያይ ራሱን ሊያይ ይችላል። ግን ፊልሙ የበረዶውን ሰው መቼ ተሳሳትክ አለው?

ነገሩን ከመነሻው እንየው። በሩ የት ነበር? ከኳሱ መቀመጫ ላይ፤ ከእግሩ ሥር። ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ጎን ሲመታ፣ ሲሰረስር፣ ሲያቃጥል መውጫው የቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በሩ ከታች ስለሆነ በእሱ የወጣ ሰው የግድ ከኳሱ በታች ይሆናል። ከኳሱ በታች ከሆነ ደግሞ የሚወድቀው ኳስ የግድ ከላዩ ነው የሚመጣው። ያወጣው በር ራሱ ነው መልሶ ያስገባው! ማንም አልፈረደበትም። መመኘቱ ጥፋት ሆኖ አልተቀጣም። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ተመልሶ እንደሚወርደው፣ ኳሱም መውረድ ስላለበት ወረደ። ፊልሙ ይህንን ከመጀመሪያው ምስል ጀምሮ ሲያዘጋጅልን ቆይቶ በመጨረሻው ሰኮንድ ነው የሚያሳየን። እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ ሲንከባለል የመጣው ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ገጥሞ «ቀጭ» ይላል።

ደግሞም ሰውየው ወጥቷል እኮ። ለጥቂት ሰኮንዶች ቢሆንም ያለ መስታወት ሮጧል። ጸሐፊው ይህችን ሩጫ አልጠቀሷትም። እኔ ፊልሙን በከፈትኩ ቁጥር የምጠብቃት እሷን ነው። ያ ሁሉ ምት ደርሶበት፣ ድማሚት ፈንድቶበት፣ ከመደርደሪያ ላይ ወድቆ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንኳን ቆንጆዋን እንዳያት መሮጥ ጀመረ። ተስፋ የቆረጠ ሰው እንዲህ አይሮጥም። ባለህበት ተቀመጥ የሚል ፊልም ቢሆን ኖሮ በዚያ ሩጫ ፋንታ ጸጸት ያሳየን ነበር።

አያቴ ኳሱ ሲደፋበት «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጭኗን መታች። ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። ስሞቹ እየወጡ፣ ማክፌሪን ብላ ብላ እያለ ሳለ ሪሞቱን ከእጄ ላይ ልትወስድ ሞከረች፤ የትኛውን እንደሚጫኑት ግን አታውቅም። «እስቲ እንደገና ክፈትልኝ» አለች። «በሩ የት እንዳለ አሁን አውቋል አይደል?»